ወተቱ የአንተ፣ ጥጃው የእኔ

ነፋስ ስልክ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚሳኤል፤

ደህና መሆንህን ፖስታህ ላይ ከለጠፍከው ቴምብር አወቅሁ። ያን የሚያህል ቴምብር የሚገዛ ሰው የጎደለው ነገር የለም። እኛም ደህና ነን። የልጅ ልጄ ቲና ፊደል ቆጥራ ጨርሳ፣ አሁን የየሱቁን ማስታወቂያ ጮክ ብላ ካላነበበች መንገድ አትሄድም። በአንተ ነው የወጣችው፤ ያወቀችውን ሰው ካልሰማላት እንቅልፍ አይወስዳትም።

ላሞቹስ ብለሃል። ሻሼ ሞተች። የቡሬ ልጅ፣ ገና የሰባት ዓመት ላም፣ በቀን አሥራ ስድስት ሊትር ትሰጥ የነበረች! ሐምሌ ላይ ሳል ጀመራት፣ ከሳች፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንደተኛች አልነሣም አለች። ጓደኛህ አባይነህ፣ ያ የሥጋ መርማሪ፣ መጥቶ ሲያስከፍታት ሳንባዋ እንደ አይብ በረጋ ነገር ተሞልቷል። ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ "ቲቢ ነው እትዬ" አለኝ፣ እኔ ጉንፋን ነው ብዬ የተከራከርኩት ይመስል። ቆርጦ በጠርሙስ ያደረገውን በመሥሪያ ቤታችሁ በኩል እዚያ ሆላንድ ላቦራቶሪህ ድረስ እንደላከልህ ነግሮኛል።

ከማን ያዛት ብለህ ብትጠይቀኝ ግን ያስቀኛል። ከኦልጅራ ላሞች ነዋ! ኦልጅራን ረስተኸው እንደሆነ፣ በፉሪ በኩል ያለው ገበሬ ነው። ኮሳሳ ከብቶቹን በየጠዋቱ በአጥሬ ሥር እየነዳ ከሀና ማርያም በታች ወዳለው ጨፌ ይወስዳል። ላሞቹ አጥሬን ይታከካሉ፣ ደጄን ያበላሻሉ፣ እሱ ከኋላ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ "እንደምን አደሩ እትዬ" ይለኛል። የእኔ ላሞች ሲሚንቶ ላይ የሚውሉ፣ መኖ ተመዝኖ የሚቀርብላቸው፣ ከተወለዱ ጀምሮ ሣር ረግጠው የማያውቁ ናቸው። በሽታ ከሰማይ አይወርድ! የእሱ ቤት ግን ሙሉ በሽታ ነው። ልጁ ገላኔ እንኳ አንገቷ ሥር ንፍፊት ወጥቶባት በዚህ ፀሐይ ሻሽ ጠምጥማ ትዞራለች።

ስለዚህ ለቀበሌ አመልክቻለሁ። ከብቶቹ በደጄ እንዳያልፉ፣ ጨፌውም እንዲከለከልና ሣሩን እኔ እንዳሳጭደው። ጉዳዩ መጋቢት 11 ቀን ይታያል። ያለ ጨፌው ከብት ማርባት አይችልም ትለኝ ይሆናል። አይችልም። ይሽጣቸውና እንደ ጎረቤቶቹ ዘበኛ ይሁን። ለመስቀል ካረዳት ላምም አባይነህ ቆርጦ ልኮልሃል። ሁለቱን አስተያይና ማኅተም ያለበት ወረቀት ላክልኝ። ከዚያ ሁሉ ትምህርትህ የምፈልገው ይህችን ብቻ ነው።

እህትህ ብርነሽ


ሆላንድ፣ ኅዳር 9 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርነሽ፤

ሰላምታዬ በቲና ይጀምርና ወደ አንቺ ይምጣ። ለሻሼ አዝኛለሁ። ትንሽ ጥጃ ሆና አይቻታለሁ።

ወረቀቱ ምን አዘገየው ብለሽ እንደሆነ፣ ሰንፈን አይደለም። ይህ ባክቴሪያ ከወይዘሮም ወይዘሮ ነው። ምግቡን አቅርበንለት፣ ሙቀቱን አስተካክለንለት፣ በዓይን ለመታየት ስድስትና ስምንት ሳምንት ያስጠብቀናል። ከበቀለ በኋላ ደግሞ ዘሩን እንለያለን፤ የከብት ቲቢ ሁሉ አንድ ዘር አይደለምና። አንዲት ቁራጭ ወረቀት በመሰለች ነገር ላይ አርባ ሦስት ቦታ አለ። ባክቴሪያው በዘሩ ውስጥ የያዘው ቁራጭ ካለ በዚያ ቦታ ጥቁር ነጥብ ይወጣል፤ ከጠፋበት ቦታው ባዶ ይቀራል። ዋናው ነገር አንዴ የጠፋ አይመለስም። ልጅ የእናቱን ጉድለት እንዳለ ይወርሳል፣ የራሱንም ሊጨምርበት ይችላል፤ እናቱ ያጣችውን ግን ከየትም አያመጣም። ስለዚህ ከማን ወደ ማን እንደሄደ አንዳንዴ ማንበብ ይቻላል።

እዚህ አለቃዬ ከእኛ በኩል የመጣውን ጠርሙስ ሁሉ "የአፍሪካ ሣጥን" ብሎ አንድ መደርደሪያ ላይ ይከምረዋል። ከአንድ አገር ይምጣ ከአሥር አገር ለእሱ ያው ነው። ስለ አቶ ኦልጅራ የጻፍሽውን ሳነብ እሱ ትዝ አለኝ፤ አትቀየሚኝ።

ሦስት ነገር ንገሪኝ። ላሞችሽ ከእሳቸው ላሞች ጋር አንድም ቀን አብረው አልዋሉም? ገላኔን ሐኪም አይቷታል? ወተታቸውንስ አፍልተው ነው የሚጠጡት?

ታናሽሽ ሚሳኤል


ነፋስ ስልክ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚሳኤል፤

አለቃህ አስተዋይ ሰው ይመስላል። ሰላም በልልኝ።

ላሞቼ ከእነሱ ጋር አልዋሉም ብዬሃለሁ። አሁንም አልዋሉም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለመልቀም ሆላንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግህም ነበር። ገላኔን አባቷ ጤና ጣቢያ ወስዷታል፤ ቲቢ ነው ተብላ ክኒን በእፍኝ ትውጣለች፣ አልተሻላትም። ወተቱን ደግሞ ማን ያፈላል? ለጉልበት ይሁናት ብሎ ከጡቱ እንደወጣ በትኩሱ ነው የሚያጠጣት። ነገርኩህ እኮ፣ ሰው አይደሉም! እኔንም በጥሬው ነው ያሳደግሽኝ ትለኝ እንደሆነ ግን እሱ ሌላ ነው። የእኔ ላሞች ንጹሕ ነበሩ።

ስለ ባዶውና ስለ ነጥቡ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል። ለእኔ እንዲህ አትራቀቅብኝ፤ ሽንት ጨርቅህን ያጠብኩ ነኝ። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ ከሚለው በምን ይለያል? ቁም ነገሩ ወረቀቱ ነው። ቀበሌ ነጥብ አይቆጥርም፣ ማኅተም ነው የሚያይ።

ብርነሽ


ሆላንድ፣ ጥር 6 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርነሽ፤

የገናን በዓል እንዴት አሳለፍሽ? እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የዋልኩት፣ ውጤቱም የዚያን ዕለት ወጣ። ለአንቺ ለመጻፍ ሳምንት ያመነታሁት ለዚህ ነው።

ከሻሼ የተገኘው ከአርባ ሦስቱ ቦታ አሥራ አንዱ ባዶ ነው። ከአቶ ኦልጅራ ላም የተገኘው እነዚያው አሥራ አንዱ ባዶ ናቸው፤ በዚያ ላይ አሥራ ሁለተኛ ባዶ አለው። የጠፋ አይመለስም ብዬሽ ነበር። አሥራ ሁለት ያጣ አሥራ አንድ ያጣውን ሊወልድ አይችልም። በሽታው ከእሳቸው ቤት ወደ አንቺ አልመጣም። ከአንቺ ወደ እሳቸው ነው የሄደው።

እዚህ ካለው መዝገብም አስተያየሁት። ይህን የሚመስል ዘር በዚህ በአውሮፓ አለ፣ ከዚህ ላም በመርከብ በተላከበት አገር ሁሉ፣ እስከ አውስትራሊያና እስከ ደቡብ አሜሪካ ድረስ አለ። ከቦረና የአገር ከብት የመጡልን ጥቂት ናሙናዎች ግን ሌላ ናቸው። ፈረንጅ ላሟን ሲሰጠን በሽታዋን መርቆ ሰጠን፣ እኛም እልል ብለን ተቀበልን። ያንቺ ሲሚንቶ ወለልም አልገታውም፤ በር ተዘግቶባቸው እርስ በርስ ሲተነፋፈሱ ይብሳል እንጂ።

አሁን ስለ ቡሬ ልጠይቅሽ። በ1982 ከመንግሥት እርሻ ያመጣሻትን የፈረንጅ ላም በመርፌ የመረመርኳት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ቀን አንገቷ ላይ እንቁላል የሚያህል አበጠ። በሽታ አለባት፣ ቄራ ላኪያት አልኩሽ፤ በሳምንቱ ልኬያታለሁ አልሽኝ። ጥቅምት ላይ ግን ሻሼ የቡሬ ልጅ ናት፣ የሰባት ዓመት ላም ናት ብለሽ ጻፍሽልኝ። በ1982 የታረደች ላም በ1984 አትወልድም።

ቡሬ የት ሄደች?

ሚሳኤል


ነፋስ ስልክ፣ ጥር 28 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለሚሳኤል፤

ፖሊስ መሆን ስትችል የላም ሐኪም ሆነህ ቀረህ።

አልታረደችም። በቃ? በቀን አሥራ ስምንት ሊትር የምትሰጥ ላም አንድ ገና ጢሙ ያላበቀለ ተማሪ አንገቷን ወግቶ አበጠ ስላለ ትታረዳለች? የአንተን ትምህርት ቤት ማን ይክፈል ነበር፣ አንገቷ? እኔ ያሳመማት የበረት አየር ነው ብዬ አሰብኩ። መስክ ትውጣ፣ ነፋስ ይምታት፣ ስትድን እመልሳታለሁ አልኩ። ከብት ጠባቂ ደግሞ ማን አለኝ? ኦልጅራን ጠራሁትና "ወተቱ የአንተ፣ ጥጃው የእኔ" አልኩት። እነሱ ዳበሬ ይሉታል፤ ያለው ለሌለው ላም ያውሰዋል፣ ተበዳሪው ጠብቆ ወተቷን ይጠጣል፣ የወለደችው ወደ ባለቤቷ ይመለሳል። እጄን ስሞ ተቀበለኝ። ገላኔ ያኔ ከእናቷ ጀርባ አልወረደችም ነበር፤ በቡሬ ወተት ነው ያደገችው። ምነው ታዲያ ይህን አትጽፍም?

አራት ዓመት እሱ ዘንድ ነበረች። ሁለት ጥጃ ወለደችልኝ፣ ጡት ሲጥሉ አመጣኋቸው፤ አንዷ ሻሼ ናት። በኋላ ቡሬ መስክ ላይ ሞተች። ስታስል ነበር አለኝ። እኔ ምን ላድርግ፣ እግዚአብሔር ነኝ? ለጽድቅ ብዬ ያደረግሁት ነው።

ስማ አሁን። ይህን ሁሉ ማንም አልጠየቀህም። የኦልጅራ ላም ቲቢ ነበረባት ወይስ አልነበረባትም? ነበረባት። እውነት ነው? እውነት ነው። እሷን ብቻ ጻፍና ማኅተም ምታበት። ውሸት ጻፍ አላልኩህም፤ እውነት አታብዛ ነው ያልኩህ። ያስተማረህን ወተት ማን እንዳለበው አትርሳ።

ብርነሽ


ሆላንድ፣ የካቲት 14 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርነሽ፤

የጠየቅሽው ወረቀት ከዚህ ጋር በተለየ ፖስታ ውስጥ አለ። ለቀበሌው የተጻፈ ነው፣ በአማርኛ ነው፣ ማኅተም አለበት። ሸንጎ ፊት የሚያነበው ሰው አንድም ቦታ እንዳይደናቀፍ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

እጅሽን ይዤ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ከማስረከብሽ በፊት ክፈቺውና አንብቢው። አንብበሽ ካልወደድሽው እሳት ውስጥ ጨምሪው፤ ከዚያ ማመልከቻሽን አንሺ፣ ሰውየውንም ተዪው። ከዚህ የተለየ ወረቀት ግን ከእኔ አታገኚም። ውስጡ የእኔም ስም አለ። ቄራ ልኬያታለሁ ስትዪኝ ደረሰኝ አልጠየቅሁሽም፤ መጠየቅ ያልፈለግሁት ለምን እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቃለን። አንቺን ስወቅስ የቆየሁት ራሴን ላለመውቀስ ነው፤ እሱም ያስንቃል።

ስለ ገላኔ ለአባይነህ ለብቻ ጽፌለታለሁ። ከምትውጣቸው ክኒኖች አንደኛው የከብቱን ዓይነት ቲቢ አይነካውም፤ ስለዚህ ሌሎቹን ረዘም ላለ ጊዜ መዋጥ አለባት። ሐኪሟ ይህን ካላወቀ ሕክምናዋን ቀድሞ ያቆምባታል። ይህን አንቺ እንድትነግሪልኝ አልጠየቅሁሽም፤ እንደማትነግሪ አውቃለሁ።

ሚሳኤል


ነፋስ ስልክ፣ መጋቢት 9 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚሳኤል፤

ፖስታው ደርሶኛል። አወይ ማኅተም! ክብ፣ ሰማያዊ፣ ፊደሉ አንዱም ያልፈሰሰ። እንዲህ ያለ ማኅተም እኛ ፋብሪካ ዋና ጸሐፊ በነበርኩበት ጊዜ እንኳ አልነበረንም።

ክፈቺው ያልከኝን ግን ካንተ አልጠበቅሁም። ሃያ ሁለት ዓመት ከሥራ አስኪያጅ በር ላይ ተቀምጬ የሰው የታሸገ ደብዳቤ ከፍቼ አላውቅም። ለቀበሌ ተብሎ የተጻፈ ለቀበሌ ነው። ተከፍቶ የተዘጋ ወረቀት ይዤ ብቀርብ ያ ኦልጅራ ራሱ "እሷ ናት የጻፈችው" ይለኛል። እንደታሸገ ነው በሊቀመንበሩ እጅ የማስቀምጠው። የቀረውን ፉከራህን እንደ ልጅነት ቁጣህ ቆጥሬዋለሁ፤ ስትቆጣ ምግብ አልበላም ትል ነበር፣ ማታ ግን ትበላለህ። ደም ውኃ አይሆንም።

ከነገ ወዲያ ነው። ነጭ ነጠላዬን አስጠብቄአለሁ፤ ቲናም ልትሰማ ትመጣለች።

ብርነሽ


ሆላንድ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርነሽ፤

ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። ለሁለቱ መልስ አላገኘሁም፤ ስልክ ስደውልም ቲና "እማማ የለችም በይ ብላኛለች" አለችኝ።

አባይነህ ጽፎልኛል። ቀበሌው የሁለታችሁንም ከብት በመርፌ እንዲመረምር እንዳዘዘው፣ ያንቺ አምስቱም እንደወደቁ፣ ከአቶ ኦልጅራ አምስት ላሞች ግን ሦስቱ ንጹሕ እንደሆኑ ነግሮኛል። መስክ የሚውል ከብት የጎረቤቱን ትንፋሽ አይጠጣም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ ነበር እናታችን፤ ያኔ ለእኔ የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር።

ስለ ወረቀቱ ይቅርታ አልጠይቅሽም። ይቅርታ የምጠይቅሽ እንደማትከፍቺው እያወቅሁ ስለላክሁት ነው። ክፈቺው ያልኩሽ ነገ እንዳይቆጨኝ ብዬ ነበር እንጂ ማንነትሽን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

ደህና ነኝ በይኝ። ስደቢኝም፣ ግን ጻፊ።

ታናሽሽ ሚሳኤል


ነፋስ ስልክ፣ ሰኔ 21 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለሚሳኤል፤

ደህና ነኝ።

ወረቀትህ ሲነበብ ምን እንደሆነ እዚያ የነበሩ ሰዎች ይንገሩህ፤ ሰፈሩ ሁሉ ነበርና አታጣም። እኔ አልነግርህም። ቲና ቤት ስንገባ "እማማ፣ ቡሬ ማናት?" አለችኝ። ይህን ብቻ እወቅ።

ላሞቹ ሄዱ። አምስቱም በአንድ የጭነት መኪና። በረቱ ታጥቦ ተዘግቷል፤ ያ የናቅኸው ሲሚንቶ ዛሬ ያበራል። ደንበኞቼ፣ ሰባት ዓመት ወተት የወሰዱት፣ አሁን በአጥሬ ሥር ሲያልፉ የልጆቻቸውን እጅ ይይዛሉ። ድሮም ወተት ቀማሾች እንጂ ሰው አልነበሩም። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም። የአንተ ሐዘን እዚያው በመደርደሪያህ ላይ ይቀመጥ።

የምጽፍልህ ስላለፈው ሳምንት ቅዳሜ ነው፤ ለሌላ ለማንም መናገር ስላልቻልኩ።

ረፋዱ ላይ በር ተንኳኳ። ኦልጅራ ነው። ከኋላው ገላኔ አንዲት ላም በገመድ ይዛ ቆማለች። ልጅቷ ወፍራለች፤ ሻሹን ጥላዋለች፣ አንገቷ ላይ ጠባሳው እንዳለ ይታያል፣ ልትሸፍነው አልሞከረችም። ላሟ ትንሽዬ የሐበሻ ላም ናት፣ ዳለቻ፣ ጡቷ የእጄን መዳፍ አያክል። አባይነህ ሁለት ጊዜ መርምሯት ንጹሕ ናት ያላት ላም ናት። እኔ ጨፌው ለእሱ ስለተፈረደለት አመስግኖ ሊሳለቅብኝ የመጣ መስሎኝ አፌን አሹዬ ጠበቅሁት።

"እትዬ ብርነሽ" አለኝ፤ "ልጅ ያለበት ቤት ወተት አይጥፋ። ወተቱ የእርስዎ፣ ጥጃው የእኔ።"

አልሳቀም። አልተቆጣም። ልክ እኔ ያኔ እንዳልኩት፣ ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ። ሰደበኝ? መጸወተኝ? ይኸው ስምንት ቀን ሳሰላስል ዋልኩ፣ አላወቅሁትም። አንተ ከማን ወደ ማን እንደሄደ የምታነበው ሰውዬ፣ እስቲ ይህን አንብብልኝ። እምቢ እንዳልለው ቲና ላሟን አቅፋታለች። እሺ እንዳልል የሚሰጠኝ ኦልጅራ ነው። ታዲያ እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁለት። እንዲስም ነው፤ ካንተ ምን እደብቃለሁ። አልሳመውም። ገመዱን አስያዘኝና ልጁን አስከትሎ ሄደ።

ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ትሰጣለች፣ ማታ አንድ። አምስት ላም ያሳደርኩ ሴት በሦስት ብርጭቆ ወተት ልኑር! አፈላዋለሁ፤ ፈልቶ ፈልቶ ሲወጣ ሁለት ይሆናል። ቲና ትጠጣለች። እኔ አልጠጣም ብዬ ነበር፣ ትናንት ጠጣሁ።

ቲና ደግሞ ለላሟ ስም እናውጣላት እያለች ትነዘንዘኛለች። ስም የሚያወጣላት ባለቤቷ ነው አልኳት።

እህትህ ብርነሽ